ፎርማኑ ቁጭ እስኪሉ

በየቤተሰቡ ቁጭ ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። በኛ ቤተሰብ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው ችኩል አይደለም፣ መቀመጥም አይጠላም። እንዲያውም ከሁላችን በላይ መቀመጥን የሚያከብር እሱ ነው። ችግሩ ለመቀመጥ የሚበቃ ቦታ በዚህች ምድር ላይ ገና አለማግኘቱ ነው። ካፌ ሲገባ አራት ጠረጴዛ ይቀያይራል፤ አስተናጋጇ ሻዩን ይዛ ከኋላ ከኋላው ትዞራለች። አውቶቡስ ላይ ከፊት ያለው ይሞቃል፣ መሀሉ ያፍናል፣ የኋላው ይነጥራል እያለ ሲመርጥ ወንበሩ ሁሉ ይያዝና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሞ ይሄዳል። ሐኪም ቤት ደግሞ ካንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ሲል ስሙ ተጠርቶ ያልፈዋል።

የአንድ መምህር አማት፣ ማለትም የሚስቱ አባት፣ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። አርባ ዓመት በግንባታ ሥራ ኖረው፣ ከግንበኝነት ተነስተው ፎርማን ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈሩም ቤተሰቡም ፎርማኑ ይላቸዋል። መምህሩ በሆዱ "ክቡር ፎርማን" ይላቸዋል፤ በአፉ ግን እንደ ወጉ "አባባ" ነው። ሥራውን ከተዉ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ሥራው እሳቸውን አልተዋቸውም። በኮታቸው በቀኝ ኪስ ስንዝር የምታህል ውሃ ልክ፣ በግራው ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለዩበት፣ ክሩ የተጠቀለለ ቱንቢ አለ። ውሃ ልኳ መሀሏ ላይ አረፋ አላት። አረፋዋ በሁለቱ መስመሮች መካከል ከቆመች ወለሉ ልክ ነው። ወደ ጎን ከሸሸች ክቡር ፎርማን ቅንድባቸውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጥ የለም።

"መቀመጫ አይቸኮልበትም" ይላሉ። ይህን ብለው አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲያማርጡ ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ጨርሰዋል። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲከበር፣ ተጋባዡ ሰው ንግግር እያደረገ ሳለ፣ አግዳሚው ተንጋዷል ብለው አንድ ረድፍ ሙሉ ወላጅ አስነስተዋል። መምህሩ ያን ቀን መድረክ ላይ ነበር። ወላጁ ሊያጨበጭብለት የተነሳ መስሎት ተናጋሪው ንግግሩን በምስጋና ዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም እስከ ዛሬ ያን ዝግጅት በጥሩ ስም ያነሳዋል። ስለዚህ ሰውየው ጥፋት ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም።

በዚህ እሑድ ቤተሰቡ የሄደው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ወደሚርቀው ትልቁ የመንግሥት ደን ነው። በሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓይን ማብቂያ ዛፍ ነው። የእግር መንገዶቹ ግንድ ላይ በተቀባ ቀለም ይለያሉ፤ ቢጫው አጭሩ፣ ሰማያዊው ረጅሙ፣ ቀዩ ልባቸው ለሚችል ነው። ሐይቅ አለ፣ የእንጨት ድልድይ አለ፣ ለእንግዳ የተተከሉ ባለ ቁጥር ጠረጴዛዎች አሉ። ሰው ሁሉ የሚመጣው አየር ሊቀበል፣ ሊበላና ጋደም ሊል ነው። መምህሩ ግን የመጣው ለአንድ ጥያቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አሥራ አንድ ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ ሠርቷል። አሥራ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ፊርማ የሚያርፍበትን ደብዳቤ ሲያረቅቅ ኖሯል። ባለፈው ወር፣ ስድስት ሰዓት ከሚያስኬድ ሌላ ከተማ፣ ርዕሰ መምህር ሆነህ ና የሚል ደብዳቤ ደረሰው። መልሱ ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው። ባለቤቱ ደስ ብሏታል፣ ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ተናግራለች፦ "አባዬን ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም። ከመጣ እንሄዳለን። ካልመጣ ደብዳቤህን አጣጥፈህ አስቀምጠው።" ፎርማኑ ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም በገዛ እጃቸው በሠሩት ቤት፣ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ነው።

"ታዲያ አንቺው አትጠይቂያቸውም?" አላት መምህሩ።

"እኔ ከጠየቅኩት ለኔ ብሎ እሺ ይልና ሲቆጭ ይኖራል። ላንተ እውነቱን ነው የሚነግርህ። ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲበላ ጠይቀው። ቆሞ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይቀናዋል።"

መምህሩም ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመድ ሰነበተ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም የክቡር ፎርማን መቀመጥ።

በሩ ላይ አረንጓዴ ኮት የለበሰ፣ ረጋ ያለ የደን ጠባቂ ትኬታቸውን ቀደደና፣ "አሥራ አራት ቁጥር ጠረጴዛ ባዶ ነው። ጥላም አለው፣ ውሃም ቅርብ ነው" አላቸው። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። መምህሩ አሥራ አራት ቁጥርን ሲያይ ልቡ ዘለለች። ፎርማኑ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁ፣ ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ፣ ከዚያ ጠባቂውን በእጃቸው ጠሩት።

"ማነው ይሄን የተከለው?"

"እኔ ስቀጠር ተተክሎ ነው የጠበቀኝ፣ ጋሼ።"

"እግሩ ሲሚንቶ አልጠገበም።"

"ሃያ ዓመት ቆሟል እኮ ጋሼ።"

"የወደቀ ነገር ሁሉ እስኪወድቅ ድረስ ቆሞ ነበር" አሉ ፎርማኑ፣ ምክር እንደሚሰጡ ሁሉ። ከዚያም የዘወትር ቃላቸውን ተናገሩ፦ "ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ።"

መምህሩ ምንጣፉን በትከሻው፣ ቅርጫቱን በቀኝ እጁ፣ ፔርሙዙን በግራው እንደያዘ ተከተላቸው። ቅርጫቱ ውስጥ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ብርቱካን አለ። ብርቱካን ሲገዙት ቀላል ነው፤ ሲሸከሙት ግን በየመቶ ሜትሩ አንድ ኪሎ ይጨምራል።

ቢጫው መንገድ ላይ አንድ ግዙፍ ጥድ ነበር፣ ሥሩ በደረቀ ቅጠል የተነጠፈ፣ ጥላው አንድ ክፍል ተማሪ የሚያስቀምጥ። ፎርማኑ ቱንቢያቸውን አወጡ። ስምንት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ክሩን ግንዱ ላይ ያዘችላቸው፣ እሳቸው ወደ ኋላ ሄደው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አራት ጣት ወደኛ ያዘነበለ ነው" አሉ።

"አባባ፣ መቼ ነው የሚወድቀው?" አለች ልጅቷ።

"የዛሬ መቶ ዓመት ሊሆን ይችላል።"

"ታዲያ ምሳችንን በልተን አንጨርስም?"

"ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ እዚሁ ቆሞ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖርስ?"

ልጅቷ ይህን አስባበትና ከዛፉ ራቅ አለች። መምህሩ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ነገሩን ሊያፈርሰው ሞክሮ አልሆነለትም። ትንሽ ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ሜዳው መጣ። ሜዳው ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ይገባዋል ተባለ። ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ነፋስ ያገኘዋል፣ ከጉብታው በታች ያለው ጎድጓዳ ዝናብ ከመጣ ውሃ ይቋጥራል። ሰማዩ ላይ የመሐረብ ያህል ደመና አልነበረም። መምህሩ ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ባለቤቱ ግን በክርኗ ነካ አደረገችው። አባቷን ሠላሳ ስምንት ዓመት ታውቃቸዋለች። ስለ ዝናብ ከተከራከርካቸው ስለ ጣሪያ ማስረዳት ይጀምራሉ፣ ጣሪያ ደግሞ ከምሳ በፊት አያልቅም።

ክቡር ፎርማን ለራሳቸው ብቻ ቢያስቡ መልካም ነበር። ለሰውም ያስባሉ። አንድ ቦታ ላይ አምስት ሰዎች ያሉት ቤተሰብ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። አባወራው ወፍራም፣ ደስተኛ፣ ጫማውን ያወለቀ ሰው ነው። ፎርማኑ ባጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ይቅርታ፣ አላስቸግራችሁ። ከመቀመጣችሁ በፊት መሬቱን አይታችሁታል?"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"ምንም አልሆነም። ገና ነው። የጉንዳን መንገድ ላይ ነው የተቀመጣችሁት። አሁን ምግብ ሲሸታቸው ይነሳሉ።"

አባወራው ጫማውን አደረገ። ሚስትየው ልጆቿን ለቃቀመች። "የት ይሻላል ታዲያ ጋሼ?" ሲላቸው፣ ፎርማኑ በሐቀኝነት፣ "እሱን ነው እኛም የምንፈልገው" አሉት። ይኸው ቤተሰብ ከኋላ ተከተለ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሦስት ቤተሰብ አስነስተው፣ ደኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ ቀበሌ መርተዋል። ከኋላቸው ኳስ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ወንበር የተሸከመ ሰው ይሄዳል። የደኑ ጠባቂ በብስክሌት ሲያልፍ ሰልፍ መስሎት ወርዶ የፈቃድ ወረቀት ጠየቃቸው። ቤተሰቦቹ ግን አንድ በአንድ እየሰለቹ መንገድ ዳር ዱብ ዱብ አሉ። ወፍራሙ አባወራ መጨረሻ ላይ ቀረ፤ የቀረውም ጉንዳን ላይ ነው፣ ግን እየሳቀ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሆነ። የመምህሩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከርሃቡ ጋር ተደባልቀው መጀመሪያቸው ጠፋው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ፣ "ላመሰግን እወዳለሁ፣ ግን አማቴ ስላልተቀመጡ አልመጣም" ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚሆን አሰበ። አሥራ ሁለተኛው የምክትልነት ዓመት ቁልጭ ብሎ ታየው። ያው ጠባብ ቢሮ፣ ያው ቀለሙ የደረቀ ማህተም፣ "ርዕሰ መምህሩ ሲመጡ ይነግሩሃል" የምትለው ያችው ቃል። ተናደደ። የተናደደው ግን በምንጣፉ ነው፣ ምክንያቱም በሽማግሌ መናደድ አይሆንለትም።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶት ነበር። አምና በዚሁ ወቅት ሲመጡ፣ ሁለት ሰዓት ተፈልጎ የተገኘ አንድ ቦታ አለ። ሐይቁ ዳር፣ ሦስት ጥዶች ጎን ለጎን ከቆሙበት ሥር ነው። ፎርማኑ አምና እዚያ ውሃ ልካቸውን አግድም አስቀምጠው አይተው፣ ወደ ሐይቁ አዙረው አይተው፣ "ይሄ መሬት ቤት ይሸከማል" ብለው ነበር። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም፤ በሠርጉ ቀን ለመምህሩ ራሱ ያሉት እንኳ "ይሞከራል" ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ መንገድ መምራት ባይፈቀድለትም፣ ቀስ እያለ፣ አንዴ ጫማዬን ልሰር፣ አንዴ በዚህ በኩል ጥላ አለ እያለ፣ ሰልፉን ወደ ሦስቱ ጥዶች አዞረው።

ቦታው እንደ አምናው ነበር። ጥላ፣ ውሃ፣ ንፋስ፣ ሁሉም በልኩ። መምህሩ ቅርጫቱን አስቀመጠ። ምንጣፉን ከትከሻው አወረደ። ባለቤቱ ዓይኗን ወደ ሰማይ አንስታ ትንሽ ፈገግ አለች።

ፎርማኑ ተንበረከኩ። ውሃ ልኳን መሬቱ ላይ አስቀመጡ። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

"ዘንበል ብሏል" አሉ።

"አባባ፣ አምና እኮ ቤት ይሸከማል ብለው ነበር" አለ መምህሩ።

"አምና አምና ነው። መሬት በዓመት ውስጥ ይሰምጣል።"

"አባዬ" አለች ልጃቸው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። የኛ እንቁላል ግን አራት ሰዓት ሙሉ በኔ ባል ክንድ ነው የሄደው።"

"ትንሽ ወደ ውስጥ" አሉ ፎርማኑ፣ ግን በቀልዷ አልሳቁም። መንገድ ጀምረዋል። የተለመደው የማስረዳት ነገራቸው፣ ስለ መሬት መስመጥ የሚሰጡት ትምህርት ሁሉ ቀርቶ ዝም ብለው ይሄዳሉ። መምህሩ ዕቃውን እንደገና ተሸከመ።

ትንሽ እንደሄዱ ልጅቷ፣ "አባባ፣ ውሃ ልክህስ?" አለች።

ፎርማኑ እጃቸውን ወደ ቀኝ ኪሳቸው ሰደዱ። ኪሱ ባዶ ነው። መምህሩ ቆሞ አያቸው። እኚህ ሰው ጃንጥላ ረስተው ያውቃሉ፣ መነጽር ረስተው ያውቃሉ፣ አንዴም የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ቤት ረስተዋት ተመልሰዋል። ውሃ ልክ ግን በአርባ ዓመት ረስተው አያውቁም።

"እኔ አመጣዋለሁ" አለ መምህሩ።

"ተወው" አሉ ፎርማኑ፣ ፈጠን ብለው። "እኔው እመለስበታለሁ።"

መምህሩ ግን ዕቃውን አስቀምጦ ሄዷል። ያለ ሸክም መራመድ እንደዚያን ቀን ጥሞት አያውቅም።

ውሃ ልኳ ከሦስቱ ጥዶች ሥር፣ ፎርማኑ እንዳስቀመጧት ተጋድማለች። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል አያት። አረፋዋ መሀል ላይ ናት። ከሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ወደዚህም ወደዚያም ሳትል። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ተንበረከከና በሌላ አቅጣጫ አዞራት። አሁንም መሀል ናት።

"ሰው ይዋሻል፣ መሬት አይዋሽም" ይሉ ነበር ክቡር ፎርማን፣ በየሥራው ቦታ፣ በየቡና ቤቱ። መሬቱ አልዋሸም ነበር። መምህሩ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠዋት አሥራ አራት ቁጥርን፣ አራት ጣት ያዘነበለውን ዛፍ፣ ሜዳውን፣ ጉብታውን አንድ በአንድ አሰበ። ሰውየው ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው፣ እሱ እውነት ነው። አምና ግን ሁለት ሰዓት ነበር የፈጀባቸው። ዘንድሮ አራት ሰዓት አልፎ፣ ያገኙትንም ጥለውት ሄዱ። መቀመጥ ያልፈለጉት መቀመጫ ጠፍቶ አልነበረም።

የጫማ ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲል ፎርማኑ ብቻቸውን መጥተዋል። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ድልድዩ ላይ ሆነው ዓሣ ያያሉ። ፎርማኑ መምህሩን አዩት፣ ውሃ ልኳን አዩዋት።

"የት ቆመች?" አሉ።

"መሀል ላይ ናት አባባ።"

"አውቃለሁ" አሉና፣ ጉልበታቸውን በአንድ እጅ ደግፈው ከጎኑ ቁጭ አሉ።

መምህሩ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ፈለጋቸው። አንዱም አልነበረም።

"ከኩሽናው ጋር የሚዋሰነው የኔ ክፍል ግድግዳ ባለ አሥር ሳንቲ ቀጭኑ ብሎኬት ነው" አሉ ፎርማኑ። "ያኔ ገንዘብ አጥሮኝ ነው እንጂ ባለ ሃያ ነበር የሚገባው። እና እናንተ ማታ ማታ ኩሽና ቆማችሁ ስትንሾካሾኩ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም።"

"ሁሉንም ሰምተዋል?"

"ቆሞ የተጠየቀ ሰው እምቢ ይላል የሚለውንም ሰምቻለሁ። ልክ ናት። የእናቷ ልጅ ናት።" ውሃ ልኳን ከመሬት አንስተው በእጃቸው ጠረጓት። "እናቷ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ስዞር አትከተለኝም ነበር። ደክሟት የደረሰችበት ቦታ ላይ ቁጭ ትላለች። ከዚያ እኔ ዞሬ ዞሬ እሷ ጋ እመጣለሁ። ቦታው እሱ ነው፣ አለቀ። አሁን የሚያስቆመኝ የለም።"

መምህሩ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

"ዛሬ ግን አውቄ ነው የዞርኩት" አሉ። "ቁጭ ካልኩ ትጠይቀኛለህ። እምቢ ብልህ እሷ ትቀራለች፣ አንተም ባንተ ፈንታ ሌላ ሰው እየፈረመ ታረጃለህ። እሺ ብልህ ደግሞ በሰባ አንድ ዓመቴ የማላውቀው ቤት እንግዳ ልሆን ነው። የቱ ግድግዳ ቀጭን እንደሆነ፣ የቱ ቧንቧ የት እንዳለፈ የማላውቅበት ቤት። ሌሊት መብራት ቢጠፋ እጄን ዘርግቼ የትኛውን በር እንደምይዝ የማላውቅበት ቤት። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሠርቼ አስረክቤ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ አላረጅም ብዬ ነበር።"

መምህሩ ይህን ሲሰማ ደብዳቤውን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳው። አሥራ ሁለት ዓመት እኚህን ሰው ሲሸከማቸው የኖረ ይመስለው ነበር፣ ምንጣፋቸውን፣ ቅርጫታቸውን፣ ያላለቀ ምርጫቸውን። አሁን ከጎኑ ሲተነፍሱ ሲሰማ፣ ያለ እሳቸው የሚገባበት ቤት ሁሉ ባዶ እንደሚሆንበት ታወቀው። ይወዳቸዋል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፣ ግን በትምህርት ቤትም በመስታወት ፊትም አልተለማመደውም። ስለዚህ ሌላ ነገር ተናገረ።

"አባባ፣ እዚያ ከተማ የምንገባበትን ቤት ባለፈው ስሄድ አይቼዋለሁ። አልወደድኩትም።"

"ምኑን?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ። አንድ ነገሩ ልክ አይደለም።"

ፎርማኑ ዞር ብለው አዩት። "ሳለው እስቲ።"

መምህሩ የጥዱን ቅጠል በእጁ ገፋ አድርጎ አፈሩን ገለጠና በእንጨት ቁራጭ መሳል ጀመረ። አራት ማዕዘን፣ በመሀሉ መተላለፊያ፣ በስተቀኝ ኩሽና፣ ከኋላ ሁለት መኝታ ቤት፣ ከፊት አንድ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ፎርማኑ መጀመሪያ መስመሩን በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ እንጨቱን ከእጁ ወሰዱት።

"መታጠቢያው እዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ከኩሽናው በዚህ ርቀት? ቧንቧውን ምን ሊያዞረው ሄደ? ማነው የሠራው?"

"አላውቅም አባባ።"

"አታውቅም። ይሄ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ ጎረቤት ግድግዳ።"

"በጎረቤት ግድግዳ አየር ሊገባ?" ፎርማኑ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ። መነጽራቸውን አወጡ። "ይሄ ስንጥቅ ነው የሣልከው?"

"ከበሩ በላይ አንድ ስንጥቅ አይቻለሁ።"

"ቀጥ ያለ ነው ወይስ ሰያፍ?"

"ሰያፍ መሰለኝ።"

"መሰለኝ" አሉ ፎርማኑ፣ ቃሉን እንደ መጥፎ ብሎኬት ጎን አስቀምጠው። "ሰያፍ ከሆነ መሠረቱ ነው። ቀጥ ያለ ከሆነ ልስኑ ነው። ልጆች የሚያድሩበት ቤት ላይ መሰለኝ ይባላል?" እንጨቱን ይዘው ከመስመር መስመር ሄዱ፣ አንዱን በር ዘጉ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ መተላለፊያው ላይ ቆም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ሳያነሱ ጠየቁ። "የኔ ክፍል የቱ ነው?"

መምህሩ በጣቱ ጠቆመ። "ከፊት ያለው። ፀሐይ ጠዋት ይገባዋል።"

"በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?"

"አላየሁም።"

"ሰው ቤት ሊያይ ሄዶ በር ሳያይ ይመለሳል?" አሉ ፎርማኑ፣ ከልብ አዝነው። "አንተን ልኮ ቤት ማስመረጥ ጥፋቱ የላኪው ነው። ስንት ሰዓት መንገድ ነው አልክ?"

"ስድስት።"

"እሺ" አሉና እንደገና ወደ ሥዕሉ ጎነበሱ። ኩሽናው እንዲሰፋ አንድ ግድግዳ በእንጨቱ አጥፍተው፣ ትንሽ አስበው፣ መልሰው ሣሉት።

ባለቤቱ ከድልድዩ በኩል ልጇን በአንድ እጅ፣ ቅርጫቱን በሌላው፣ ምንጣፉን በትከሻዋ ይዛ መጣች። አባቷ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ባሏ አጠገባቸው ነው፣ ሁለቱም አፈር ላይ ተደፍተው ስለ ቧንቧ ይነጋገራሉ። ምንጣፉን ለማንጠፍ የሚነሳ አልነበረም። ቅርጫቱን አስቀምጣ እንቁላል መላጥ ጀመረች፣ ለአባቷ አንድ ሰጠቻቸው። ሳያዩት ተቀበሏት፣ ሳያዩት ጎረሱት።

ልጅቷ አያቷን፣ "አባባ፣ ይሄ መታጠቢያው ነው?" ብላ ወደ ሥዕሉ ስትጠጋ፣ ባለቤቱ ባሏን ወደ ጥዱ ጀርባ ጠቀሰችው። እጇ ላይ የእንቁላል ቅርፊት አለ፤ ፊቷ ሳምንቱን ሙሉ እንደነበረው ጭንቅ ብሏል።

"ጠየቅከው?" አለች፣ በሹክሹክታ።

"አልጠየቅኳቸውም" አለ መምህሩ። "ይመጣሉ።"